ለጉልበቴ የሰጠሁት አሥር

ሰው በዕድሜው የሚደነግጠው ድንጋጤ ተሰፍሮ የሚሰጠው ከሆነ፣ እኔ የድርሻዬን ሳልነካ ለጡረታ ያስቀመጥኩት ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር የሚያስደነግጠኝ ነገር አልነበረም። እንዲያውም አስደንጋጩ እኔ ነበርኩ። ጡረታ ወጥቼ ካዛንቺስ ቤቴ ቁጭ ባልኩ ማግስት ግን የቀኝ ጉልበቴ አለቀ። አዎ፣ አለቀ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት አንስቶ "እዚህ መሃል ለስላሳ ነገር ነበረ፤ አሁን የለም፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው። መቀየር አለበት" አለኝ። ጎማ ሲቀየር አይቻለሁ፤ ሚኒስትር ሲቀየር በዜና ሰምቻለሁ፤ ጉልበት እንደሚቀየር የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። 

ወደ መከራው ከመግባቴ በፊት አንድ ጠባዬን ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። እኔ አሥር ከአሥር ሰጥቼ አላውቅም። ለማንም። መልሱ ልክ የሆነለት ተማሪ አሃዱን ይረሳል፤ አሃዱን የጻፈው በማስመሪያ አያሰምርም፤ ያሰመረው ደግሞ ስርዝ ድልዝ አያጣውም። አንድ ጊዜ ምንም እንከን ያላገኘሁበት ወረቀት ገጥሞኝ ሌሊቱን ሁሉ ስጨነቅ አደርኩ። በመጨረሻ ልጁ ስሙን ከነአባቱ ጽፎ አያቱን መተዉን አየሁና ግማሽ ነጥብ ቀንሼ ተገላገልኩ።

ጠባይ ደግሞ ትምህርት ቤት ሰቅለውት የሚመጡት ጋዋን አይደለም፤ ቤት ድረስ ይከተላል። ባለቤቴ ጽጌ ምሳ አቅርባ "እህ፣ ስንት?" ትለኛለች። እኔ ጎርሼ፣ አላምጬ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አይቼ "ስድስት ተኩል" እላለሁ። እሷም "አንተ ባትኖር ማን ያርመኝ ነበር!" ብላ ትስቃለች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው። እስከ ዛሬ ያገኘችው ትልቁ ውጤት ለፋሲካ የሠራችው ዶሮ ያመጣላት ስምንት ተኩል ነው፤ እሱም ከእንቁላሎቹ አንዱ ባይሰነጠቅ ኖሮ ዘጠኝ ይሆንላት ነበር። ስትስቅ እስቃለሁ። የሚያስቃት ይመስለኝ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ይጠይቀኝ ጀመር። ደረጃ ስወጣ ነው ስወርድ የሚያመኝ የሚለውን መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን "እንቅልፍዎ እንዴት ነው?" አለኝ። ቀጠለና "ነገር ያብሰለስላሉ? ጭንቀት አለብዎት? ሌላ ቦታስ የቆየ ሕመም አለ? ከዚህ ቀዶ ሕክምና ምን ይጠብቃሉ? ቤት ውስጥ የሚያስታምምዎት ማነው? ይስማማሉ?" አለ።

"ዶክተር፣ የታመመው ጉልበቴ ነው ወይስ ትዳሬ?" አልኩት።

አልሳቀም። "ለሁለት ሰው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ብረት እገጥማለሁ" አለኝ። "አንደኛው በሳምንቱ እየሳቀ ይራመዳል፤ ሌላኛው ለወራት ያለቅሳል። ብረቱ አንድ ነው፣ እጄም አንድ ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፍርሃቱ ጋ፣ እንቅልፉ ጋ፣ ቤቱ ጋ፣ ሕመሙን የሚናገርበት መንገድ ጋ።"

ጽጌ ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና "ስማ" አለችኝ በዓይኗ። እኔ በልቤ ይኼ ሰውዬ ሰባኪ መሆን ሲገባው መንገድ ስቶ ሐኪም ሆኗል አልኩ።

ቀኑ ደርሶ ሲያስገቡኝ ሌላ ድንጋጤ ጠበቀኝ። ሙሉ በሙሉ የሚያስተኙኝ መስሎኝ ተሰናብቼ፣ ተሳልሜ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብዬ ነው የገባሁት፤ ለካ የሚያደነዝዙት ከወገብ በታች ብቻ ነው። ደረቴ ላይ መጋረጃ ዘረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ጣሪያ እያየሁ ተጋደምኩ። ትንሽ ቆይቶ የመጋዝ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ መዶሻ። ቋ! ቋ! ቋ! ካዛንቺስ የሚኖር ሰው ለመጋዝና ለመዶሻ ባዳ አይደለም፤ በአንድ በኩል ሲፈርስ በሌላ በኩል ሲገነባ እየሰማን ነው የምንውለው። ቢሆንም ሕመምተኛ ባለበት ይኼ ምን ማለት ነው ብዬ ተናደድኩና "ለመሆኑ ከሆስፒታል ግድግዳ ሥር እንዲህ ያለ ግንባታ የሚፈቅደው ማነው?" አልኩ ጮክ ብዬ።

ከመጋረጃው ወዲያ መዶሻው ቆመ። አንዲት ሴት ሳቋን ለማፈን ስትታገል ይሰማኛል።

"ጋሼ" አለ ሐኪሙ፣ "ግንባታው እርስዎ ላይ ነው።"

ከዚያ በኋላ በደም ሥሬ ምን እንደጨመሩልኝ አላውቅም። ቢጨምሩልኝም ባይጨምሩልኝም ራሴን መሳቴ አይቀርም ነበር።

ስነቃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሆነናል። በአጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ሰንጋ ተራ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ፣ ዕድሜው ከእኔ እኩል የሆነ፣ ሙሰማ የሚባል ሰው ተኝቷል። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው፤ ቀኑ ያው ቀን ነው፤ የተቀየረው ጉልበትም ያው የቀኝ ጉልበት ነው። ሲስተሯ ገባችና መጀመሪያ ወደ እኔ መጣች።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

"ሕመሙስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ይህን ስላት ማደንዘዣው እየለቀቀኝ፣ አንሶላውን ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው። ግን ምን ልበላት? "እንዴት ዋሉ" ላለ ሰው "እየሞትኩ ነው" ተብሎ ይመለሳል እንዴ? አስተዳደጌ አይፈቅድም። የአገራችን ሰው ሬሳ ሳጥን ውስጥ ሆኖ እንኳ እንዴት አደርክ ቢሉት ምስጋናውን ሳያደርስ አይቀርም።

ልጅቷ ግን ጎበዝ ናት፣ አልለቀቀችኝም። "በቁጥር ይንገሩኝ ጋሼ። ምንም ካልተሰማዎት ዜሮ። ከዚህ የባሰ ሕመም በዓለም ላይ የለም ካሉ አሥር።"

በቁጥር ስትለኝ ሙያዬ ውስጥ ገባች። ዓይኔን ጨፍኜ ማረም ጀመርኩ። ሕመሙ ጠንካራ ነው፣ አይካድም። ግን ወጥነት ይጎድለዋል፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሄደ ሲሉት ይመጣል። ቦታውንም በትክክል አያሳይም፤ አንዴ ጉልበት ነው ይላል፣ አንዴ ጭን ነው ይላል። ጥረቱን ግምት ውስጥ አስገብቼ "አራት" አልኳት።

"አራት ብቻ?"

"አራት። ተኩል ልጨምር ነበር፣ ይቅር።"

"ጎበዝ ጋሼ፣ ጠንካራ ነዎት" ብላ ትንሽዬ ኪኒን ሰጠችኝና ወደ ሙሰማ ዞረች።

"ጋሽ ሙሰማ፣ የእርስዎስ ከአሥር ስንት ነው?"

"አሥራ አምስት!"

"ከአሥር ነው ያልኩት።"

"እሺ አሥራ ሁለት።"

"ጋሽ ሙሰማ!"

"በቃ ላንቺ ስል፣ አሥር። ከዚህ ከወረድኩ ወላሂ ከሰርኩ!"

ወዲያው መርፌ መጣለት። በማግስቱ እኔ በአራቴ ላብ አጥምቆኝ ጣሪያ ስቆጥር፣ እሱ በብረት መደገፊያው ኮሪደሩን ሲያቋርጥ፣ በስልክ ስለ ቧንቧ ሲከራከር ዋለ። እንዴት ነው ነገሩ? አንድ ሐኪም፣ አንድ ብረት! ሲመለስ አልጋዬ አጠገብ ቆመና አየኝ።

"ቲቸር፣ ስንት ነበር ያልካቸው?"

"አራት።"

"አራት? ፊትህ እኮ እንደተጨመቀ ሎሚ ሆኗል! አንተ ሰው፣ እኔ ይቀንሱብኛል ብዬ ከላይ ጀመርኩ፣ አንተ ምን ነክቶህ ነው ከታች የምትጀምረው?"

"እኔ ነጥብ አላጋንንም" አልኩት ኮስተር ብዬ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ይበሉ። እኔ መቼ ደበቅኩ? ነጥብ ቀነስኩ እንጂ። ሲስተሯ በመጣች ቁጥር አራት እያልኩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተለየ ሁኔታ አራት ተኩል ብዬ፣ በአራቴ ተሸኝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። የሰጡኝም መድኃኒት ለአራት የሚበቃ ነበር።

ቤት ስገባ ደግሞ ጠያቂው ጎረፈ። ሁሉም ከበሩ ላይ ሆኖ "እንዳትነሳ! እንዳትንቀሳቀስ! ተኛ!" ይላል። ቀጥሎ ብርቱካኑን ያስቀምጥና ወሬውን ይጀምራል። አንዱ የሚያውቀው ሰው ብረቱ በክረምት እንደ በረዶ ቀዝቅዞበት ሁለት ጋቢ ለጉልበቱ ብቻ እንደሚያለብስ ነገረኝ። ሌላዋ ያክስቷ ባል ጉልበቱን ሲያጥፍ ብረቱ ወልቆ ሶፋ ሥር እንደተገኘ ምላ ተገዝታ አወራችልኝ። ብርቱካኑን ጽጌ ታነሳዋለች፤ ፍርሃቱ ግን እኔው ጋ ይቀራል። እኔም እግሬን እንደ መቃብር ሐውልት ቀጥ አድርጌ ተኛሁ።

እንቅስቃሴ የሚያሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ናትናኤል የሚባል ልጅ ነው፤ ካፌ የሚጋብዘኝ ይመስል እየሳቀ የሚገባ የዘመኑ ልጅ። "ፋዘር፣ በቃ ዛሬ ትንሽ እናጥፋት። ማለቴ፣ እስከሚችሉት ድረስ" ይላል። ጣቱ ገና ጉልበቴን ከመንካቱ እኔ እጮሃለሁ። እሱ ፕሮትራክተር የመሰለች መለኪያውን አውጥቶ ይለካና ራሱን ይነቀንቃል። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ዘጠና ዲግሪ የሳልኩ ሰው፣ የገዛ እግሬ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አልታጠፍም አለኝ።

ለክትትል ወደ ሐኪሙ የሄድነው ከጽጌ ጋር ነው። ሙሰማን ከበሩ ላይ አገኘነው፤ በአንዲት ከዘራ ብቻ ቄንጠኛ ሆኖ እየወጣ ነበር። ሐኪሙ ጉልበቴን አየ፣ ናትናኤል የላከለትን ልኬትም አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

"ቁስሉ ድኗል፤ ብረቱም ቦታውን ይዟል። ግን የማይታጠፍ ጉልበት ይደርቃል" አለኝ። "በሚቀጥለው ቀጠሮ ዘጠና ዲግሪ ካልደረሰ እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ እናስገባዎትና አደንዝዘን እኛው ገፍተን እናጥፈዋለን።"

እንደገና? ያ መዶሻ ጆሮዬ ላይ ቋ! ቋ! ማለት ጀመረ። ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ፤ የምለምነው ቅዱስ እስኪጠፋኝ ፈራሁ።

"ሕመሙ አሁን ስንት ነው?" አለኝ።

"አምስት" አልኩ። ከድንጋጤዬ የተነሳ አንድ መጨመሬ ነው።

"አምስት ከሆነማ መታጠፍ አለበት" ብሎ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ገፋ አደረገው።

"አሥር!"

እኔ ነኝ ያልኩት? እኔ ነኝ። "አሥር! ዶክተር፣ አሥር! ኧረ አሥር ከአሥር!" ካርድ ክፍል ወረፋ የያዙ ሰዎች ጨረታ ያለ መስሏቸው ብቅ ብቅ አሉ። ሐኪሙ እጁን አነሳ። "ይኼን ሁሉ ጊዜ አራት ሲሉን የነበረው ይኼንን ነው?" አለ። ከዚያም መድኃኒቱን ቀየረልኝ፤ ከእንቅስቃሴው በፊት የሚዋጠውን ለብቻው፣ የማታውን ለብቻው። ለካ መናገር ብቻ ነበር የሚፈለገው። ይኼን ሁሉ ጊዜ የተሰቃየሁት በራሴ እርማት መሆኑን ሳውቅ ክው አልኩ። አይዞህ ትለኛለች ብዬ ወደ ጽጌ ዞርኩ። ጽጌ ግን መስኮቱን ነበር የምታየው።

በታክሲ ስንመለስም ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

ትዳር ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በአማርኛ ውስጥ እንደ "ምንም" የሚከብድ ቃል የለም። ቤት ገብተን፣ ደግፋ አልጋው ላይ አስቀምጣኝ፣ ትራሱን ከእግሬ ሥር አመቻችታ ከጨረሰች በኋላ ነው የተናገረችው።

"አሥር አለህ ለካ" አለች።

"እንዴት ማለት?"

"የለህም ብዬ ነበራ። የሌለውን ከየት ያመጣል፣ ፍጥረቱ ነው እያልኩ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የኖርኩት። ለካ አለህ። ለጉልበትህ ሰጠኸው።"

ኩሽናዋ ገባችና በሩን ዘጋችው። መዶሻው፣ መጋዙ፣ የሐኪሙ ማስፈራሪያ አንድ ላይ ተደምረው የዚያን በር ያህል አላስደነገጡኝም። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ምሳ ማስታወስ ጀመርኩ። ስድስት ተኩል። ሰባት። ስድስት። ስትስቅ ዓይኗን አይቼው አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ በሰዓቱ ይመጣል፤ ወጡ ያው ወጥ ነው፤ እንዲያውም የጣፈጠ ነው። "ስንት?" የሚለው ግን ቀረ። አንድ ቀን ሳልጠየቅ በራሴ "ዛሬ ሰባት ተኩል ነው" ብዬ ሞከርኩ።

"ማን ጠየቀህ?" አለችና ሳህኑን አነሳች።

አሁን ልብ በሉልኝ። መድኃኒቱ ተቀይሯል፤ ለአሥር የሚሆን መድኃኒት ነው፤ ሙሰማን ያስሮጠው መድኃኒት ነው። ጉልበቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ሕመሙ ትንሽ ፋታ ይሰጠኝና ኩሽና ውስጥ የሰሃን ድምፅ ስሰማ ይመለሳል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ጽጌ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ፣ ጉልበቴ እንደ ከበሮ ይመታል። ቀጠሮው ደግሞ እየተንደረደረ መጣ። በዋዜማው ናትናኤል መጥቶ ለካኝና መለኪያውን ኪሱ ከተተ።

"ፋዘር፣ እውነቱን ልንገርዎት? በቃ፣ ይኼ ጉልበት እስካሁን መታጠፍ ነበረበት። ይተኛሉ?"

"አልተኛም።"

"ይፈራሉ?"

"መዶሻውን።"

"ቤት ሰላም ነው?"

እሱም! ይኼ ጥያቄ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ በር ላይ ተለጥፏል እንዴ? አፌን ልከፍት ስል ኩሽና ውስጥ አንድ ክዳን ወለሉ ላይ ወድቆ ተንኳኳ። ሁለታችንም ወደዚያ ዞርን።

"ሰምተሃል" አልኩት።

ድምፁን ቀነሰ። "ሕመሙ የውሸት ነው አላልኩም፣ ማለቴ፣ የእውነት ያምዎታል። ግን ሰው ሲፈራና ሲያኮርፍ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ጡንቻው ጭብጥ ይላል፤ ጭንቅላቱም ትንሿን ነገር አጉልቶ ነው የሚሰማት። ሬዲዮ ድምፁ እስከ ጥግ ሲከፈት ማለት ነው፤ ጣቢያው ያው ነው። መድኃኒቱ ብቻውን አይዘጋውም። ማዘርን ያናግሯቸው።"

"ይኼም እንቅስቃሴ ነው?"

"ከሁሉም ከባዱ" ብሎ ጫማውን አሰረና ወጣ።

እውነቱን ነው። በመደገፊያዬ እስከ ኩሽናው በር ድረስ መሄድ ራሱ ዳገት ሆነብኝ። ጽጌ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ጽጌ።"

"አቤት።"

አቤቷ ቀዝቃዛ ነበር። ቆሜ ልናገር አልኩና ተውኩት። ቆሞ የሚናገር አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅም የሚቆጣ ነው የሚመስለው። መደገፊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አጠገቧ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እጆቿን አየኋቸው። ያን ሁሉ ቀን ያነሱኝ፣ ያጠቡኝ፣ ትራስ ያመቻቹልኝ እጆች ናቸው። አፈርኩ።

"ነገ ዘጠና ካልሞላ ሊያስገቡኝ ነው" አልኳት። "ፈርቻለሁ። ካንቺ ጋር ተኳርፌ መግባቱን ደግሞ ከመዶሻው በላይ ፈርቻለሁ።"

መላጧን አላቆመችም። "አንድ ነገር ልጠይቅህና ሳትቀልድ መልስልኝ። ለእኔ አሥር የማትሰጠኝ ለምንድነው?"

የእንቁላሉን ቀልድ ላመጣ ፈልጌ ነበር። አልመጣም።

"አሥር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ሙሉ ነው።"

"አዎ ሙሉ ነው። ሌሎች አስተማሪዎች አሥር የሰጡትን ልጅ አይቼዋለሁ። ወረቀቱን ይቀበላል፣ ቦርሳውን ያነሳል፣ ይወጣል። ከዚያ አስተማሪ ጋር የቀረው ጉዳይ የለም። እኔ ግማሽ የቀነስኩበት ልጅ ግን ተመልሶ ይመጣል። 'ቲቸር፣ ይቺ ግማሽ ለምን ሄደች?' ይለኛል። እንከራከራለን። ነገም ይመጣል።" ወደ እሷ ዞርኩ። "አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ እንድትወጪብኝ አልፈለግኩም። ይኸው ነው።"

ቢላዋው ቆመ። ጽጌ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ረጥቧል፤ ነጭ ሽንኩርት እንደ ቀይ ሽንኩርት እንደማያስለቅስ ደግሞ እኔም አውቃለሁ።

"ታዲያ ጉልበትህን አሥር የሰጠኸው?"

"እሱማ እንዲወጣልኝ ነዋ!"

ሳቀች። ያን ጊዜ ዓይኗን አየሁት፤ ይኼኛው የእውነት ሳቅ ነበር። እጇን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ እስኪያስላት ሳቀች። እኔም አብሬያት ስስቅ ድንገት ሳቋን አቋርጣ "ውይ!" ብላ ቢላዋውን ጣለች።

"ምነው?"

"ጉልበትህ!"

"ምን ሆነ?"

"እየው!"

ወደ ታች አየሁ። በርጩማዋ ከመሬት አንድ ስንዝር ብትሆን ነው። የእኔ ጉልበት፣ ያ በመድኃኒት የተለመነ፣ ናትናኤል የተማጸነው ጉልበት፣ ከዘጠና አልፎ ታጥፎ ደረቴን ሊነካ ደርሷል። ያን እስካይ ድረስ ምንም አልተሰማኝም ነበር። እንዳየሁት ግን ሕመሙ የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ፣ ታክሲ እንዳመለጠው ሰው እየሮጠ ደረሰ።

"ወይኔ!"

"ስንት ነው? ስንት ነው?" ጽጌ ጮኸች።

"ሰባት! ኧረ ሰባት ተኩል!"

መቀመጡን ተቀመጥኩ፤ መነሳቱ ግን ከየት ይምጣ። ጽጌ ብቻዋን ስባ ልታነሳኝ ስላልቻለች ናትናኤል ጋ ደወለች። ገና ሰፈሩን አልለቀቀም ነበርና ደረጃውን እየዘለለ መጣ። ሊያነሳኝ ነው ብዬ እጄን ስዘረጋለት፣ እሱ እጄን አልፎ መሬት ላይ ተንበረከከና መለኪያውን አወጣ።

"ቆይ ፋዘር፣ ቆይ! መጀመሪያ ልለካት!"

በማግስቱ ሐኪሙ ጉልበቴን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። መዶሻ የለም፤ ማስገባት የለም፤ እንቅስቃሴውን ብቻ ቀጥሉ አለን። እንዴት በአንድ ጊዜ ሊሆን እንደቻለ ሲጠይቀኝ "ሬዲዮው ተቀነሰ" አልኩት። አልገባውም፤ እኔም አላብራራሁለትም።

"ዛሬስ ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?"

አፌን ስከፍት ጽጌ እጇን አነሳች። "እሱን አይጠይቁት ዶክተር። ከእንግዲህ እኔን ይጠይቁኝ።" ፊቴን አየች። መንጋጋዬን፣ ግንባሬን፣ ወንበሩን የጨበጠ እጄን አየች።

"ሦስት ተኩል" አለች።

ደነገጥኩ። ልክ ነበረች። በልቤ ያረምኩትም ሦስት ተኩል ነበር፤ ተኩሏን እንኳ አልሳተችም።

ቤት ገብተን ምሳ ቀረበ። ጽጌ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ አገጯን በእጇ ደገፈች።

"እህ፣ ስንት?"

ጎረስኩ። አላመጥኩ። ጣሪያውን አየሁ። ምንም የሚቀነስበት ነገር አልነበረም።

"ዘጠኝ ተኩል" አልኳት።

"ግማሿስ የት ሄደች?"

"ነገ ነይና ተከራከሪ።"